ፊልም የሚሠራ በፊልም ላይ አይፍረድ ለሚሉ የተጻፈ መልስ

አንድ ወጣት በገዛ ገንዘቡ የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ሠርቶ ካሳየ በኋላ፣ ብዕሩን አንሥቶ ሌሎች ሰዎች ስለ ሠሯቸው ፊልሞች ሂስ የጻፈ እንደሆነ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ሳይዘገይ ይወረወርበታል። ተረቱ አጭርና የሚያስቅ በመሆኑ የሰማው ሁሉ ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው በሳቅ ይዘጋል። ዳሩ ግን በሳቅ የተዘጋ ነገር ሁሉ እውነተኛ ፍርድ አግኝቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህን ተረትና ከተረቱ በስተጀርባ ያለውን አሳብ እስቲ ረጋ ብለን እንመርምረው። እኔም በአነስተኛ አቅም አጫጭር ፊልሞችን ከሚሠሩትና ስላዩትም ፊልም ከሚጽፉት ወገን ስለሆንሁ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ባለጉዳይ መሆኔን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ። ባለጉዳይ መሆን ግን ነገርን የማስረዳት መብት አያሳጣም፤ በአገራችን ወግ ከዳኛ ፊት ቆሞ የሚናገረው ባለጉዳዩ ራሱ ነውና።

አሳቤን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። ትንሽ ፊልም የሚሠራ ሰው ስለ ፊልም ሂስ መጻፉ ሊፈቀድለት የሚገባ መብት ብቻ ሳይሆን፣ ከሥራው ተለይቶ የማይታይ ግዴታው ነው እላለሁ። ምክንያቱም ሂስ የጻፈ ሰው ጥሩ ፊልም ምን እንደሆነ ያለውን እምነት በአደባባይ ተናግሮ መያዣ ሰጥቷል፤ በሌላ ጊዜ የራሱን ፊልም ይዞ ሲቀርብ ተመልካቹ ያንኑ ጽሑፍ አውጥቶ «አንተ እኮ እንዲህ ብለህ ነበር» ሊለው ይችላል። ሳይጽፍና ሳይናገር የሚሠራው ሰው ግን መያዣ ስላልሰጠ፣ በምን እንደሚጠየቅ እንኳ አይታወቅም። ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛው፣ ሠሪና ፈራጅ አንድ ሰው ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ትንሽ የሠራ ሰው በትልቅ ሥራ ላይ አፉን አይክፈት የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሲኒማችን ገና ጀማሪ ስለሆነ ማበረታታት እንጂ መንቀፍ አይገባም የሚል ነው። ሦስቱንም በየተራቸው እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሠሪና ፈራጅ አንድ ሊሆን አይገባም ለሚሉት፣ በፈረንሳይ አገር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1951 ዓ.ም. አንድሬ ባዜን፣ ዣክ ዶኒዮል ቫልክሮዝና ሎ ዱካ የተባሉ ሰዎች በፓሪስ ከተማ «ካዬ ዱ ሲኒማ» የተባለ መጽሔት አቋቋሙ። በዚህ መጽሔት ላይ ይጽፉ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ፍራንሷ ትሩፎ፣ ዣክ ሪቬት፣ ዣን ሉክ ጎዳር፣ ክሎድ ሻብሮልና ኤሪክ ሮሜር ይገኙባቸዋል። እነዚህ ወጣቶች ትልቅ የፊልም ኩባንያ በር ከፍቶ እስኪጠራቸው አልጠበቁም፤ እየጻፉ አጫጭር ፊልሞችን ይሠሩ ነበር። ጎዳር በስዊስ አገር ግራንድ ዲክሳንስ በተባለው ግድብ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ባገኘው ገንዘብ ስለዚያው ግድብ አንድ አጭር ፊልም ሠርቶ መልሶ ለኩባንያው ሸጠው። ትሩፎ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ትንሽ ፊልሙን በባልንጀራው በዶኒዮል ቫልክሮዝ ቤት ውስጥ ሲያነሣ፣ ካሜራውን የያዘለት ሪቬት ነበር። ሪቬትም በ1956 ዓ.ም. «ለ ኩ ዱ ቤርዤ» የተባለውን የ28 ደቂቃ ፊልም የሠራው በሻብሮል መኖሪያ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ትሩፎና ጎዳር በፊልሙ ውስጥ በእንግድነት ብቅ ይላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ በብዕሩ ይበልጥ የተፈራው ትሩፎ ነበር። በጥር ወር 1954 ዓ.ም.፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ በፈረንሳይ ሲኒማ ላይ ስለ ተስፋፋ አንድ ዝንባሌ የሚናገር ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። በዚያም ጽሑፍ፣ በዘመኑ የተከበሩትን የፊልም ደራሲዎች ዣን ኦራንሽንና ፒየር ቦስትን፣ ታላላቅ ልብ ወለዶችን ወደ ፊልም እንመልሳለን እያሉ መንፈሳቸውን ያጠፋሉ ሲል በስም ጠርቶ ነቀፋቸው። ብዙ ሰው ተቆጣ። በ1958 ዓ.ም. የካን የፊልም በዓል ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን መግቢያ ከለከለው። በሚከተለው ዓመት በ1959 ዓ.ም. ግን «አራት መቶው ምት» የተባለውን ፊልሙን ይዞ በዚያው በካን በመቅረብ የምርጥ አዘጋጅነትን ሽልማት ወሰደ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነቁት በመጨረሻው ድል ነው። እኔ ግን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው በመካከሉ ያለው ነገር ይመስለኛል። ትሩፎ በ1957 ዓ.ም. በጋ ኒም በተባለችው ከተማ ወርዶ «ሌ ሚስቶን» የተባለውን ስለ ረባሽ ልጆች የሚናገር አጭር ፊልም ሲያነሣ፣ ቀድሞ በጻፈው ታስሮ ነበር። የስቱዲዮን የተዘጋ ግድግዳና በመጽሐፍ ቋንቋ የሚናገሩ ተዋንያንን አጥብቆ ነቅፎ ሲያበቃ፣ እርሱ ራሱ ወደ ስቱዲዮ ገብቶ በመጽሐፍ ቋንቋ ቢያናግራቸው ኖሮ፣ በፓሪስ ያለ አንባቢ ሁሉ መሳቂያ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ወደ መንገድ፣ ወደ ፀሐይና ወደ ዛፍ ጥላ ማውጣት ግድ ሆነበት። ሂሱ ሌላውን ሰው መምቻ ዱላ ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚያስገድድ ውል ሆነ። መያዣ ያልሁትም ይህንኑ ነው።

«ይህ ወጣት በቁጣው ብዙ ሰው አልበደለምን?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የትሩፎ ጽሑፍ ለኦራንሽና ለቦስት ፍትሕ አልሰጠም የሚሉ ሰዎች በዚያው በፈረንሳይ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ቤርትራን ታቬርኒዬ ነበር። ታቬርኒዬ በመጀመሪያ የፊልም ሂስ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። ኋላም በ1974 ዓ.ም. ስለ ሊዮኑ ሰዓት ሠሪ የሚናገረውን ረጅም ፊልሙን ሲያዘጋጅ፣ ድርሰቱን አብረውት እንዲጽፉ የጠራቸው እነዚያኑ የተነቀፉትን ኦራንሽንና ቦስትን ነበር። ለትሩፎ ሂስ ይህ በሥራ የተሰጠ መልስ ነው። የመጽሔቱ መሥራች ባዜንም ቢሆን፣ ወጣቶቹ የወደዱትን አዘጋጅ ደካማ ፊልም ሳይቀር ማመስገን ሲጀምሩ ዝም አላላቸውም፤ በ1957 ዓ.ም. በዚያው በገዛ መጽሔታቸው ላይ በጽሑፍ ገሠጻቸው። እንግዲህ የተሳሳተ ሂስ መድኃኒቱ ሌላ ሂስና ሌላ ፊልም ነው እንጂ፣ የሚሠሩትን ሰዎች አፍ መዝጋት አይደለም።

ወደ ፓሪስ መሄድ ለምን አስፈለገ የሚለኝ ካለ፣ ወደ ቅኔ ቤታችን እንመለስ። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ሰምቶ ቤቱ ያልመታውን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረውን፣ ቃሉ የተሰበረውን እየነቀሰ ያርመዋል። ለመሆኑ ይህ መምህር ማን ነው? ቅኔ የማይቀኝ ፈራጅ ነውን? አይደለም። መምህሩ ራሱ ቅኔ ዘራፊ ነው፤ የሚያርመውም ስለሚያውቅበት ነው፤ የእርሱንም ቅኔ ሌሎች ሊቃውንት በየበዓሉ ቆመው ይሰሙታል፣ ይመዝኑታል። አባቶቻችን ሠሪና ፈራጅ አንድ ሰው መሆኑን እንደ ነውር ሳይቆጥሩ በዚህ ሥርዓት ስንት ዘመን ኖረዋል። ታዲያ በፊልም ላይ ሲደርስ ነውር የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት፣ ትንሽ የሠራ በትልቁ ላይ አይፍረድ የሚለው ነው። ይህ አሳብ ሁለት ስሕተት አለበት። የመጀመሪያው ስሕተት፣ የመፍረድ ችሎታ በሥራ ብዛት ይለካል ብሎ ማሰቡ ነው። ከላይ ስሙን ያነሣሁት ባዜን እነዚያን ሁሉ ወጣቶች ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ ዝናው የተመሠረተው በጻፈው ሂስ እንጂ በፊልም ሥራ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. በ40 ዓመቱ ሲሞት፣ ትሩፎ «አራት መቶው ምት»ን ለእርሱ መታሰቢያ አደረገው። ፊልም ያልሠራ ሰው እንዲህ ያለ መምህር ለመሆን ከበቃ፣ ጥቂት የሠራው ሰው እንዴት ይከለከላል? ተረቱንም ቢሆን አስተውለን ብንመለከተው ያሰቡትን ያህል አያግዛቸውም። ወጥ ያረረባት ሴት የማረርን ሽታ ከሌላው ሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ የጎረቤቷ ድስት ሊያር ሲል «ኧረ አማስዪው!» ብትል፣ ጎረቤቲቱ ልታመሰግናት ይገባል እንጂ የእርስዋን ድስት እያነሣች ልትዘልፋት አይገባም።

ሁለተኛው ስሕተት አጭርን ነገር ከትንሽ ነገር ጋር ማደናገር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ጉባኤ ቃና ከመወድስ የተቀደደ ቁራጭ ነው የሚል አንድም ሊቅ የለም። ጉባኤ ቃና ጀማሪ የሚለማመድበት ቢሆንም፣ በሊቅ አፍ ሲነገር ደግሞ በራሱ የተፈጸመ ሥራ ነው። አጭር ፊልምም እንደዚሁ ነው። አጭር ፊልምን ለረጅም ፊልም መወጣጫ መሰላል ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ የሚሠራውን ነገር ገና ሳይጀምረው ንቆታል፤ የናቁትን ነገር ደግሞ አሳምሮ መሥራት አይቻልም።

ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን ከአሜሪካ አንድ፣ ከአፍሪካ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ማያ ዴረን የተባለች በኪዬቭ ከተማ የተወለደች ሴት በ1943 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከባለቤቷ ከአሌክሳንደር ሐሚድ ጋር ሆና፣ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ «ሜሽስ ኦቭ ዘ አፍተርኑን» የተባለውን የ14 ደቂቃ ፊልም ሠራች። ተዋናይዋ እርስዋ ራሷ ነበረች። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ አበባና ፊቱ መስተዋት የሆነ ሰው ይበቋት ነበር። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ትንሽ ትያትር ቤት ተከራይታ ፊልሞቿን ለሕዝብ አሳየች፤ በዚያው ዓመት ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ፊልም ያላትን አሳብ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመች። ሠሪዋ፣ አሳዪዋና ጸሐፊዋ አንዲት ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሆሊውድ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሠራቸው የዚያ ዘመን ፊልሞች ስንቶቹ ተረስተው፣ የእርስዋ 14 ደቂቃ ግን ዛሬም በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይታያል።

የአፍሪካው ምሳሌ የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን ነው። ይህ ሰው በማርሴይ ወደብ በጭነት ሠራተኝነት የኖረና ልብ ወለዶችን የጻፈ ሲሆን፣ በሞስኮ ፊልም ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1963 ዓ.ም. «ቦሮም ሳሬት» የተባለውን አጭር ፊልም አወጣ። ታሪኩ በዳካር ከተማ የሚኖር የአንድ ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ነጂው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ የሚከፍለውንም የማይከፍለውንም ሲያመላልስ ይውላል፤ በመጨረሻ አንድ በደንብ የለበሰ ሰው፣ ጋሪ እንዳይገባበት ወደ ተከለከለው ወደ ሀብታሞቹ ሠፈር እንዲወስደው ያግባባዋል። እዚያ ሲደርሱ ፖሊስ ይይዘዋል። ነጂው የቀድሞ የጦር ሜዳ ሜዳይው ከእጁ ወደ መሬት ሲወድቅ፣ ፖሊሱ በጫማው ይረግጠዋል። ጋሪው ተወስዶበት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ሕፃኑን አስታቅፋው ዛሬ ማታ እንበላለን ብላ ትወጣለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን ፊልሙ አይነግረንም። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ የረገጠ ጫማ የተናገረውን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር ሊናገረው ባልቻለ ነበር።

ይህን ያህል ያመሰገንሁትን ፊልም ግን ያለ ነቀፋ አልለፈውም። ጋሪ ነጂው በልቡ የሚያስበው በፈረንሳይኛ ቋንቋ ሲነገር እንሰማለን፤ እንዲህ ያለ የዳካር ድሀ ግን ከራሱ ጋር የሚነጋገረው በወሎፍ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ፊቱን የምናምነውን ያህል ድምፁን ለማመን እንቸገራለን። ሴምቤን ግን በ1968 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከሚኖር ዘመዱ ሐዋላ ስለ ተላከለት ሰው የሚናገረውን «ማንዳቢ»ን ሲሠራ፣ ተዋንያኑን በወሎፍ አናገራቸው። ይህ ሰው የሌላውንም ሰው ሥራ መርምሮ መናገር ያውቅ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ በአፍሪካ ብዙ ፊልም የሠራና የተከበረ ሰው ሲሆን፣ በ1965 ዓ.ም. ሁለቱ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ፣ ሴምቤን «እኔ ጥቁር ሰው» የተባለውን የሩሽን ፊልም አመስግኖ፣ በሌሎቹ ፊልሞች ግን አፍሪካውያንን ተመራማሪ ነፍሳትን እንደሚያይ አድርገው ያሳዩናል ሲል ወቀሰው። በዚያን ጊዜ ሴምቤን የሠራው ጥቂት ነበር፤ ሩሽ የሠራው ብዙ ነበር። ትንሽ የሠራ ዝም ይበል የሚለው ሕግ በዚያ ቀን ሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ አፍሪካ ስለ ገዛ መልኳ የተናገረችው አንድ እውነተኛ ቃል በጠፋ ነበር።

የራሳችንም ሰው አለ። በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1971 ዓ.ም. «አወር ግላስ» የተባለ አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ለነጭ ተመልካቾች ደስታ ኳስ የሚጫወት አንድ ጥቁር ወጣት መጽሐፍ ማንበብ ሲጀምር፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ራሱን ስለ መጠየቁ ነው። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ፊልም ራሱ ሂስ ነው፤ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚያይ ይጠይቃልና። ከዚህ ተነሥተው ነው በ1974 ዓ.ም. ወደ አገራቸው መጥተው ያነሡትንና በ1976 ዓ.ም. የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. «ጤዛ»ን የሠሩት። በ1993 ዓ.ም. የሠሩትን «ሳንኮፋ»ን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ባሏቸው ጊዜ ራሳቸው በየከተማው እየዞሩ አሳዩት። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ሆሊውድ ያላቸውን ብርቱ ነቀፌታ በየመድረኩ መናገራቸውን አልተዉም። ቃላቸውና ሥራቸው አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክንያት እንምጣ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ደግ መስሎ የሚታይ፣ ከሁሉ ይልቅም የሚጎዳ ነው። ሲኒማችን ጀማሪ ነውና እናበረታታ ይላሉ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ከተጠራበት ጊዜ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ሆኖናል፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም በቪዲዮ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በየሲኒማ ቤቱ ሲታዩ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ጀማሪነታችን የሚያበቃው መቼ ነው? ደግሞስ ማበረታታት የሚሉት ምንን ነው? በፊልም ምረቃ ላይ የሆነውን እናውቃለን። አበባ ይሰጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ንግግር ይደረጋል። ፊልሙ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀው ሰው፣ «ሦስት ዓመት የፈጀ ነው» ወይም «ትልቅ ካሜራ ከውጭ አገር መጥቶለት ነው» ይላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ከእነዚህ መልሶች ሁሉ ይበልጥ የተለመደው ግን «መልእክቱ ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ይህን ቃል በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሹማምንት ቢያስቡበት እወዳለሁ። አንድ ፊልም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ቢያወግዝ፣ መልእክቱ ጥሩ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ያንኑ መልእክት በአንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ይቻል ነበር። ፊልም መሆን ያስፈለገው ደብዳቤ የማይችለውን ነገር እንዲሠራ ነው። ልጅቱ ስታዝን ፊቷ ሳያዝን ሙዚቃው ብቻ ከጮኸ፣ አባትየው ክፉ መሆኑን በሥራው ሳናይ ጎረቤት ብቻ ከነገረን፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ትምህርቱን በቃል ካነበነቡልን፣ መልእክቱ ለማን ደረሰ? ቀድሞ ያመነው ሰው ያጨበጭባል፤ ያላመነው ሰው ሳያምን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ «መልእክቱ ጥሩ ነው» ብሎ ዝም የሚል ኀያሲ መልእክቱን ራሱን ይበድለዋል። ፊልሙን ያሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ገንዘቡ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ በደሉ እጥፍ ነው።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል። አንድ ወጣት በመጀመሪያው የአሥር ደቂቃ ፊልሙ ላይ ድምፁ እንደማይሰማ፣ ታሪኩ ከመካከሉ እንደተጀመረ፣ ተዋናዩ ለካሜራ እንጂ ለሰው እንደማይናገር ቢነገረው፣ በሁለተኛው ፊልሙ ያርመዋል፤ ኪሳራው ትንሽ ነው። በጭብጨባ ብቻ አልፎ የሁለት ሰዓት ፊልም ለመሥራት ቤተ ሰቡን ሁሉ በዕዳ ከዘፈቀ በኋላ እውነቱን ከባዶ ወንበር የሰማ እንደሆነ ግን፣ ይህን ሰው ያጠፋው ነቃፊ ሳይሆን አሞጋሽ ነው። ስለዚህ አጭር ፊልም ለሂስ ከሁሉ ይልቅ የሚመች ሥራ ነው እላለሁ፤ ስሕተቱ ርካሽ፣ ትምህርቱ ፈጣን ነውና።

በሌላ በኩል፣ የሚሠራ ሰው ሂስ ሲጽፍ የሚያሰጋ ነገር የለም ብዬ አልሸፍንም። ሥጋቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ምቀኝነት፣ ሁለተኛው እከክልኝ ልከክልህ ነው። ከሁለቱ በእኛ ዘንድ የበዛው ሁለተኛው ይመስለኛል። ጓደኛዬ ፊልሜን ስላመሰገነልኝ የእርሱን አመሰግናለሁ፤ ሦስተኛው ወዳጃችንም ተራውን ይጠብቃል። ከዚህ ለመጠበቅ ጥቂት ሕግ ይበቃል። ጸሐፊው ከፊልሙ ሠሪ ጋር ዝምድና፣ ወዳጅነት ወይም የሥራ ግንኙነት ቢኖረው በጽሑፉ መጀመሪያ ይግለጥ። ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይንገር፤ ይኸውም በየትኛው ትዕይንት ላይ ምን እንደ ተደረገ በትክክል ይጻፍ፤ አንባቢ ፊልሙን ሲያይ ጸሐፊውን ራሱን መመርመር እንዲችል። ፊልሙን በአቅሙ ይመዝን፤ በሁለት ሰው የተሠራውን ሥራ የጦር ሠራዊት ስላላሰለፈ አይክሰስ፣ በሁለት ሰው የሚሠራውንም ነገር አበላሽቶ ከሆነ በድህነት ስም አይማረው። ስለ ሥራው ይናገር እንጂ የሠሪውን ሰውነት አይንካ። ለተነቀፈውም ሰው መልስ የሚጽፍበት ቦታ ይተውለት።

የገንዘብ ነገር እንደ ምክንያት የሚነሣበት ጊዜ እያለፈ ነው። አሜሪካዊው ሾን ቤከር በ2015 ዓ.ም. የታየውን «ታንጀሪን»ን ያነሣው በእጅ ስልክ ነበር። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ማታ ማታ ጅቦችን ስለሚመግብ የሐረር ሰው የሚናገረውን «ሐይራት» የተባለ አጭር ፊልም በ2017 ዓ.ም. አቅርባ፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ «ፋያ ዳዪ» የተባለውን ረጅም ፊልም ለዓለም አሳየች፤ ከአጭሩ ሥራ የለመደችው ትዕግሥትና የነጭና የጥቁር ብርሃን አያያዝ በረጅሙ ላይም ይታያል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ዛሬ በየተማሪው ኪስ ካሜራ አለ፤ ያነሣውንም ለሕዝብ ማሳየት ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ካሜራው እንዲህ በተትረፈረፈበት ጊዜ የጎደለን ነገር ያነሡትን ሥራ መርምሮ ይህ ይበጃል፣ ይህ አይበጅም የሚል ዓይን ነው። ይህንንም ዓይን ከውጭ አገር በዕቃ መልክ ልናስመጣው አንችልም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወገን የምለው አለኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፣ ለፊልም ምረቃ ከምታወጡት ወጪ ጥቂቱን ቀንሳችሁ፣ ፊልሙ ከታየ በኋላ ሠሪው ተቀምጦ የሚጠየቅበት ግማሽ ሰዓት ፍቀዱ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ስለ አንድ አጭር ፊልም ሁለት ገጽ ሂስ እንዲጽፉ እዘዙ፤ አንድን ነገር አይቶ ያዩትን በትክክል መጻፍ በየትኛውም ትምህርት የሚጠቅም ልምምድ ነው። ተማሪዎች ደግሞ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ አንዳችሁ ስትሠሩ ሌላው ካሜራ ይያዝ፤ ሥራው ሲያልቅም ያው ካሜራ የያዘው ሰው እውነቱን ይንገራችሁ፤ ከቻለም ይጻፈው። መጽሔቶቻችንም ሂሱንና የሠሪውን መልስ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቢያወጡ፣ አንባቢው ሁለቱንም አንብቦ ፊልሙን ለማየት ይሄዳል።

ይህን ጽሑፍ የማይቀበል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እንዲኖርም እመኛለሁ። ነገር ግን መልሱን ሲጽፍ «አንተ ማን ነህ?» ከማለት ይልቅ፣ ከጠቀስኋቸው ፊልሞች አንዱን አይቶ የተናገርሁት ልክ አለመሆኑን በትዕይንቱ ያስረዳ። እንዲህ ያደረገ እንደሆነ፣ አሳቤን ቢቃወም እንኳ የተመኘሁትን ሂስ እርሱ ራሱ ጽፎልኛል ማለት ነው።